ማሽኑ ወይስ መቁረጫው? በቦንጋ ወርክሾፖች የሾላኪ ኮረንቲ መቁረጫ ደጋግሞ የሚቆርጥበት ምክንያት

አኅፅሮተ ጽሑፍ

በእንጨትና በብረታ ብረት ወርክሾፖች ውስጥ ባለሙያዎች አር.ሲ.ዲ. የሚሉት የሾላኪ ኮረንቲ መቁረጫ፣ ማሽን በተነሣ ቁጥር እየቆረጠ ሥራ ሲያስተጓጉል የተለመደው መፍትሔ መቁረጫውን ከመስመሩ ማውጣት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን እርጥበት በሚበዛበት በቦንጋና በአካባቢው ሁኔታ አንጻር ይመረምራል። መነሻው የመሣሪያዎቹ ዓለም አቀፍ ደረጃዎችና ቀላል የወረዳ ስሌት ነው። ጽሑፉ ሁለት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ የመሬት ዘንግ ብቻ ባለው ወርክሾፕ መቁረጫው ከወጣ ብሬከሩ ሊተካው አይችልም። ሁለተኛ፣ “ያለ ምክንያት ይቆርጣል” የሚባለው መቁረጫ በአብዛኛው ሊለካና ሊታረም የሚችል ምክንያት አለው።

መግቢያ

ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጅማ በስተ ደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የክልሉ የፖለቲካ መቀመጫ ሆናለች። ከተማ ሲሰፋ በር፣ መስኮት፣ የቆርቆሮ መዝጊያና የቢሮ ጠረጴዛ የሚሠሩ ወርክሾፖች አብረው ይሰፋሉ። የአካባቢውን ደን ያቆየው ዝናብ ደግሞ ለእነዚህ ወርክሾፖች ሌላ ገጽታ አለው፤ የካፋ ደጋማና ወይና ደጋ ክፍል በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ በመሆኑ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ካለው አጭር ጊዜ በቀር እንጨቱም፣ ወለሉም፣ በሌሊት ያደረው መሣሪያም ሙሉ በሙሉ ደርቆ አይገኝም።

የአነስተኛ ወርክሾፕ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ለአንባቢው እንግዳ አይደለም። ከቆጣሪው አንድ መስመር ይገባል፤ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ብሬከሮች ይኖራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በማራዘሚያ ገመድና በዲቫይደር ይከፋፈላል። ክብ መጋዙ፣ የኤሌክትሪክ መላጊያው፣ ግራይንደሩ፣ ትራፓኖውና የብየዳ ማሽኑ በአንድ መስመር ላይ ይጋራሉ። ለሕንፃ ዝርጋታ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃ 10 አለ፤ ይሁን እንጂ የቆርቆሮ ሼድ ብዙ ጊዜ በንድፍ ሳይሆን በልማድ ነው የሚዘረጋው። እንዲህ ባለው መስመር ላይ አዲስ መቁረጫ ሲገጠም ወዲያው መቁረጥ ይጀምራል። የወርክሾፑ ባለቤት ከዚህ የሚወስደው ግንዛቤ ግልጽ ነው፦ ማሽኖቹ ትናንትም ይሠሩ ነበር፤ አዲስ የመጣው መቁረጫው ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የመቁረጫው ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ግንዛቤ ተገልብጦ መነበብ አለበት የሚል ነው።

መቁረጫው የሚያየውና የማያየው

ብሬከርና የሾላኪ ኮረንቲ መቁረጫ በአንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡና መልካቸውም ስለሚመሳሰል በአነጋገር አንድ ስም ይሰጣቸዋል። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ብሬከር የሚመለከተው የኮረንቲውን ብዛት ነው። 16 አምፔር የሆነ ዓይነት ሲ ብሬከር በቅጽበት የሚቆርጠው ከ80 እስከ 160 አምፔር ባለው ክልል ሲደርስ ነው። መጋዝ ሲነሣ ሞተሩ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ስምንት እጥፍ ኮረንቲ ለአጭር ጊዜ ስለሚስብ፣ በመነሻ ቅጽበት የሚቆርጠው ብዙውን ጊዜ ብሬከሩ ነው፤ መፍትሔውም ከዚህ ጽሑፍ ርእስ ውጭ ነው።

የሾላኪ ኮረንቲ መቁረጫ ብዛትን አያይም፤ ልዩነትን ነው የሚያየው። የፌዙና የኒውትራሉ ሽቦ በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። የሄደው ኮረንቲ በሙሉ ከተመለሰ የሁለቱ ውጤት ይጣፋል፤ ከሄደው ጥቂቱ በመሬት፣ በማሽን አካል ወይም በሰው በኩል ከተመለሰ ልዩነቱ ቀለበቱን ይቀሰቅሰዋል። በአገልግሎት ላይ በብዛት የሚገኘው 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት ነው። ደረጃው ከ15 ሚሊ አምፔር በታች እንዳይቆርጥ፣ 30 ሲደርስ ደግሞ ከ300 ሚሊ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ እንዲቆርጥ ያዛል፤ ልዩነቱ 150 ሚሊ አምፔር ከሆነ የሚፈቀደው ጊዜ ወደ 40 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል። በ15 እና በ30 መካከል ያለው ግን ለአምራቹ የተተወ ክልል ነው። ሁለት መቁረጫዎች፣ ሁለቱም ጤናማ ሆነው፣ አንዱ በ18 ሌላው በ27 ሊቆርጡ ይችላሉ። “የጎረቤቴ አይቆርጥም” የሚለው ማስረጃ ደካማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቁጥሮቹ መነሻ የሰው አካል ነው። አንድ አዋቂ ሰው 10 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲያልፍበት የያዘውን መልቀቅ ሊያቅተው ይጀምራል፤ ከ30 በላይ የሆነው ከአንድ ሰከንድ በላይ ከቆየ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። በዚህ ዘርፍ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ዳልዚል ያደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1961 ለአሜሪካው ዓይነት መቁረጫ መሠረት ሆኗል። ከእርሱ ቀደም ብሎ፣ በ1950ዎቹ፣ ሄንሪ ሩቢን የተባለ መሐንዲስ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች የነበረውን የኤሌክትሪክ አደጋ ለመቀነስ በተያያዘው ሥራ ቀልጣፋ መቁረጫ ሠርቶ ነበር። ይህን ማንሣቱ ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም፤ “ይህ መሣሪያ ለደረቅና ለዘመናዊ አገር የተሠራ ነው” የሚለው አስተያየት ስለሚደመጥ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪም መጠንቀቅ ይኖርበታል። በዚያ በሶኬቱ ላይ የሚገጠመው መቁረጫ ከ4 እስከ 6 ሚሊ አምፔር ባለው የሚቆርጥ፣ ቮልቴጁም 120 ስለሆነ፣ እዚያ “በከንቱ መቁረጥ” ተብሎ የሚገለጸው ሁሉ ለእኛ 220 ቮልትና 30 ሚሊ አምፔር አይሠራም።

መቁረጫው ሲወጣ ምን ይቀራል?

ከምክንያቶቹ በፊት የውሳኔውን ክብደት ማየት ይገባል። መቁረጫው የወጣበት ወርክሾፕ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚያጽናናው “ኤርዝ አለን፣ ብሬከርም አለን” በማለት ነው። እስቲ ይህ በስሌት ይታይ።

1.5 ሜትር ርዝመትና 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ የመዳብ ዘንግ፣ ሬዚስቲቪቲው 100 ኦም ሜትር በሆነ አፈር ውስጥ ቢተከል፣ በተለመደው የዘንግ ቀመር የሚኖረው ሬዚስታንስ 60 ኦም ገደማ ነው። የትራንስፎርመሩን ዘንግ 10 ኦም እንበል። የመጋዙ ፌዝ ከአካሉ ጋር ቢገናኝ በመሬት በኩል የሚፈሰው ኮረንቲ 220 ÷ (60 + 10)፣ ማለትም 3.1 አምፔር ብቻ ይሆናል። ይህ ለ16 አምፔር ብሬከር ምንም አይደለም፤ አንድ ትንሽ ግራይንደር ከሚስበው ጋር ይቀራረባል። ብሬከሩ ለአንድ ሰዓትም ሆነ ለአንድ ቀን አይቆርጥም። በዚህ ጊዜ በመጋዙ አካልና በመሬት መካከል ያለው ቮልቴጅ 3.1 × 60፣ ማለትም 190 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ አካሉን የነካ ሰው የሰውነቱ ሬዚስታንስ በ1,000 እና በ1,500 ኦም መካከል ነው ቢባል፣ ከ120 እስከ 190 ሚሊ አምፔር ያልፍበታል።

ያው ዘንግ 30 ሚሊ አምፔር መቁረጫ ካለው ወርክሾፕ ጋር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። መቁረጫው በሚቆርጥበት ደረጃ በአካሉ ላይ የሚኖረው ቮልቴጅ 0.03 × 60፣ ማለትም 1.8 ቮልት ነው። የንክኪ ቮልቴጅ ከ50 እንዳይበልጥ ቢፈለግ ዘንጉ እስከ 1,667 ኦም ድረስ እንኳ ቢሆን ስሌቱ ይፈቅዳል። እርግጥ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ሬዚስታንስ ያለው ዘንግ አስተማማኝ ስላልሆነ በተግባር ከዚህ በጣም ዝቅ ያለ ይፈለጋል። ዋናው ነጥብ ግን ይህ ነው፦ በራሱ ዘንግ ብቻ በሚተማመን ወርክሾፕ ውስጥ ዘንግና መቁረጫ ተጣምረው የሚሠሩ አንድ መከላከያ ናቸው። አንዱ ሲወጣ የቀረው ግማሽ መከላከያ አይደለም፤ ብረቱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ሳያነሣ፣ ብሬከሩን ሳያስቆርጥ ዝም ብሎ የቆመ ዘንግ ነው።

መቁረጫውን በ300 ሚሊ አምፔር መተካትም በሰው ላይ ካለው አደጋ አንጻር ከማውጣት ብዙ አይሻልም። 300 ሚሊ አምፔር የሚገጠመው በዋናው መስመር ላይ፣ ለእሳት አደጋ ነው።

አንድ ማሽን ብቻውን ካስቆረጠ

ማሽኑ ብቻውን ሲሰካ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ማስላት የሚገባው ምን ያህል ማገጃው እንደተዳከመ ነው። 220 ቮልት 15 ሚሊ አምፔር ለማሾለክ የሚያስፈልገው ሬዚስታንስ ወደ 14,700 ኦም፣ 30 ሚሊ አምፔር ለማሾለክ 7,300 ኦም ገደማ ነው። የመሬት ሽቦ ያለው መሣሪያ በ500 ቮልት ሜገር ሲለካ ግን ከ1,000,000 ኦም በታች እንዳይሆን ይጠበቃል። እንግዲህ አንድ መሣሪያ በቀጥታ በማገጃው በኩል አሾልኮ ለማስቆረጥ፣ ማገጃው ተቀባይነት ካለው ዝቅተኛ ልክ ቢያንስ 68 ጊዜ መውረድ ይኖርበታል። መቁረጫው “ስስ” ስለሆነ ነው የሚለው ክስ ከዚህ ቁጥር ጋር አይጣጣምም።

ታዲያ ማገጃው ያን ያህል የሚወርደው በምንድን ነው? እዚህ ላይ የአካባቢው ሁኔታ ይገባል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ ጋር የሚወዳደር ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ የእንጨቱ ሕዋስ ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ የሚጠግበውም 30 በመቶ ገደማ ላይ ነው። እርጥብ ዋንዛ ወይም ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሰጋቱራ ውሃና በውስጡ የሟሟ ጨው ይዞ በሞተሩ የአየር ቀዳዳዎች ይገባል፤ በማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ይቀመጣል። ይህ ሰጋቱራ ሲደርቅ ጉዳት የለውም፤ ጉም በተጫነው ማለዳ ግን እንደገና ይረጥባል። ለዚህ ነው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አምስት ጊዜ ያስቆረጠ መላጊያ ስድስት ሰዓት ላይ ምንም እንዳልሆነ የሚሠራው። ይህ የመቁረጫውን “ጠባይ” የሚያሳይ አይደለም፤ የሰጋቱራውን የእርጥበት ልክ የሚያሳይ ነው።

በብረታ ብረት ወርክሾፕ ነገሩ ይከፋል። የግራይንደር ብናኝ ራሱ ብረት ስለሆነ እርጥበት እንኳ ሳያስፈልገው ኮረንቲ ያስተላልፋል። የሞተሩ ካርቦን እያለቀ ሲሄድ የሚተወው ጥቁር ዱቄትም እንዲሁ ነው፤ ካርቦን ሲቀየር ውስጡን ሳይጠርጉ መዝጋት የተለመደ ጉድለት ነው። ድርብ ማገጃ ያለው ግራይንደር የመሬት ሽቦ ስለሌለው የውስጡ መቆሸሽ በመቁረጫው ላይ የሚታየው ከብረት ጋር ሲነካካ ወይም እርጥብ እጅ ሲይዘው ብቻ ነው፤ ስለዚህ መቁረጥ አለመቁረጡ ጤናማነቱን አይመሰክርለትም።

ማሽኖቹን ከመወንጀል በፊት ጥግ ላይ ያለውን የቡና ማፍያም ማየት ይገባል። በካፋ ቡና የማይፈላበት ወርክሾፕ ማግኘት ያስቸግራል። በቱቦ ውስጥ የተሸፈነ የማሞቂያ ጥምዝ በማግኒዥየም ኦክሳይድ ዱቄት የተሞላ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ያለው መድፈኛ ከተሰነጠቀ ዱቄቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ለሳምንት ሳይሠራበት የቆየ ማፍያ ሲሰካ ሾላኪ ኮረንቲው ከፍ ይልና እየሞቀ ሲሄድ ይቀንሳል። ከመጋዙ ጋር በአንድ መስመር ላይ ካለ፣ መጋዙ ሲነሣ የቆረጠው በማፍያው ላይ የተጨመረችው ጥቂት ሚሊ አምፔር ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ጤናማ ሆነው ሲቆርጥ

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ወደ ድምር ጉዳይ ያመጣናል። ደረጃዎች ለጤናማ መሣሪያም ቢሆን ጥቂት ሾላኪ ኮረንቲ ይፈቅዳሉ፦ ድርብ ማገጃ ላለው የእጅ መሣሪያ 0.25 ሚሊ አምፔር፣ የመሬት ሽቦ ላለው የእጅ መሣሪያ 0.75፣ ሞተር ላለው ቋሚ ማሽን 3.5 ያህል። ኤሌክትሮኒክስ ያለው መሣሪያ፣ ለምሳሌ ዘመናዊው ቀላል የብየዳ ማሽን፣ የሬዲዮ ጥልፍ ለማጣራት በፌዝና በመሬት መካከል ትንንሽ ካፓሲተሮች ይገጠሙለታል። አንድ 4.7 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ 0.32 ሚሊ አምፔር ገደማ ያሳልፋል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን ንድፍ ነው።

ሦስት ቋሚ ማሽኖች በሚፈቀድላቸው ከፍተኛ ልክ 10.5 ሚሊ አምፔር ያሾልካሉ። ወለል ላይ ተዘርግቶ በናስትሮ የተጠቀለለ እርጥብ ማራዘሚያ ገመድ 50,000 ኦም ላይ ቢገኝ 4.4 ይጨምራል። ሁለት የእጅ መሣሪያዎች 0.5 ሲጨምሩ ድምሩ 15.4 ይሆናል፤ መቁረጫው እንዲቆርጥ የሚፈቀድለት ክልል ውስጥ ገብቷል። ለትክክለኛነት ያህል፣ በካፓሲተርና በሬዚስታንስ የሚያልፈው ኮረንቲ በጊዜ ስለማይገጥም እውነተኛው ድምር ከዚህ ያንሳል፤ በሦስት ፌዝ ላይ የተከፋፈለ ከሆነም በከፊል ይጣፋል። ቁጥሩ የላይኛውን ወሰን ነው የሚያሳየው። ቢሆንም በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ መስመር አንድ ዝናባማ ማለዳ ብቻ ነው የሚቀረው። የዓለም አቀፉ የዝርጋታ ልምድ ዘወትር የሚሾልከው ከመቁረጫው ልክ 30 በመቶ፣ ማለትም ለ30 ሚሊ አምፔር ከ9 እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው።

የኒውትራሉ ጉዳይ

ከሁሉ ይልቅ ባለሙያ የሚያደናግረው ምንም ማሽን ሳይነሣ መቁረጡ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከኒውትራል ጋር የተያያዘ ነው። ከመቁረጫው በኋላ ኒውትራሉ የመሬት ሽቦውን አንድ ቦታ ላይ ነክቷል እንበል፤ በምስማር የተወጋ ገመድ ወይም ውሃ የገባበት መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል። ከትራንስፎርመሩ ርቆ በሚገኝ፣ የጎረቤቶች ጭነት በሦስቱ ፌዞች ላይ እኩል ባልተከፋፈለበት መስመር፣ ኒውትራሉ ከመሬት አንጻር ጥቂት ቮልት ይኖረዋል። 3 ቮልት ብቻ ቢሆን፣ በላይኛው ምሳሌ ዘንጎች በኩል 3 ÷ 70፣ ማለትም 43 ሚሊ አምፔር ይፈስሳል። መቁረጫው ይቆርጣል። ምክንያቱ ግን በወርክሾፑ ውስጥ የተነሣ ማሽን ሳይሆን የጎረቤት ወፍጮ መነሣት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳይ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ በማውረድ አይገኝም፤ ተራ ብሬከር ፌዙን ብቻ ስለሚለይ ኒውትራሉ እንደተያያዘ ይቀራል።

ሌላው ደግሞ ልማድ ነው። የመሬት ሽቦ ያላገኘ ጠጋኝ በሶኬቱ ወይም በማሽኑ መሰኪያ ውስጥ ኒውትራሉን ከመሬት እግሩ ጋር ያገናኘዋል። በወርክሾፑ እውነተኛ የመሬት ሽቦ ካለ፣ 2,000 ዋት መጋዝ የሚስበው 9.1 አምፔር በሁለት መንገድ ይከፋፈላል። የኒውትራሉ መንገድ 0.5 ኦም፣ የመሬቱ 70 ኦም ቢሆን በመሬት በኩል የሚሄደው 64 ሚሊ አምፔር ነው። መቁረጫው መጋዙ በተነሣ ቅጽበት ይቆርጣል፤ በሺህ ከሦስት የሚበልጥ መጥፋት ለእርሱ ይበቃዋልና። የመሬት ሽቦ ከሌለ ግን መቁረጫው ዝም ይላል፤ የከፋውም ይኸኛው ነው። ከመቁረጫው በፊት ያለው ኒውትራል ቢበጠስ ፌዙ በሞተሩ ጥምዝ አልፎ የማሽኑን አካል በ220 ቮልት ይሞላዋል። ኃይሉን ከመስመሩ የሚወስድ ኤሌክትሮኒክ መቁረጫ ኒውትራል ሲያጣ ሥራውን ሊያቆም ይችላል፤ ለዚህ አደጋ የሚደርሰው በመስመር ቮልቴጅ የማይመካው የኤሌክትሮ መካኒካል ዓይነት ነው። የመስመር ቮልቴጅ በሚወርድበትና ሽቦ በሚበጠስበት አካባቢ፣ ሲገዛ በዋጋ ብቻ መምረጥ የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፍተሻ

የፍተሻው ቅደም ተከተል ከላይ ካለው ይወጣል። ማሽኖቹን ማጥፋት አይበቃም፤ ሁሉም ከሶኬት መነቀል አለባቸው፤ ማጥፊያው አንዱን ሽቦ ብቻ ስለሚለይ ማጣሪያውና ኒውትራሉ እንደተያያዙ ይቆያሉ። ሁሉም ተነቅሎ አሁንም ከቆረጠ ችግሩ በዝርጋታው ነው፤ ዋናው መስመር ከተቋረጠና አለመኖሩ በቴስተር ከተረጋገጠ በኋላ የየመስመሩ ኒውትራል ከማያያዣው እየተፈታ ይለካል። ካልቆረጠ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ይሰካሉ፤ የሚቆርጥበት ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታና በዚያ ጊዜ የሚሠሩት ማሽኖች ይመዘገባሉ። ይህ ምዝገባ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥበትን ከድምር፣ ድምርን ከኒውትራል የሚለየው ከመሣሪያ ይልቅ ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

የተጠረጠረው ማሽን ከሶኬት ተነቅሎ፣ ማብሪያው ተጭኖ፣ የመሰኪያው ሁለት እግሮች በአንድነት ታስረው፣ በእነርሱና በብረት አካሉ መካከል በ500 ቮልት ሜገር ይለካል። ለድርብ ማገጃ መሣሪያ መያዣው በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ ወረቀቱ እንደ አካል ይወሰዳል፤ የሚጠበቀው ከ2,000,000 ኦም በላይ ነው። ተራ መልቲሜትር የሚለካው በጥቂት ቮልት ስለሆነ የተዳከመ ማገጃ ጤናማ መስሎ ሊታይበት ይችላል። በሥራ ላይ ያለውን ድምር ለማወቅ ሚሊ አምፔር የሚለካ ክላምፕ ሜትር ፌዙንና ኒውትራሉን አንድ ላይ አቅፎ ይያዛል፤ የሚያሳየው መቁረጫው የሚያየውን ልዩነት ራሱን ነው። ሜገር ለአንድ ወርክሾፕ ውድ ነው፤ በአንድ ሼድ ለተሰባሰቡ ማኅበራት ወይም ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግን አንዱ ለብዙዎች ይበቃል።

የታወቀው ማሽን መጽዳትና መድረቅ ይኖርበታል። ተፈትቶ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በፀሐይ ወይም በሞቀ አየር ይደርቃል፤ ከዚያ እንደገና ይለካል። ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ማሳደሩ ብቻ የክረምቱን ማለዳ ይለውጠዋል።

አደረጃጀት

ድምሩ ከ9 ሚሊ አምፔር ካለፈ ማሽኖቹን ከመውቀስ ይልቅ መስመሩን መክፈል ይሻላል። ለሶኬቶች ሁለት ወይም ሦስት 30 ሚሊ አምፔር መቁረጫዎች፣ በዋናው ላይ ደግሞ ዘግይቶ የሚቆርጥ 300 ሚሊ አምፔር ቢቀመጥ፣ አንድ እርጥብ መላጊያ ሙሉ ወርክሾፑን አያጨልምም። ይህ ከምቾት ያለፈ ነው፤ መጋዝ እየሠራ ሳለ መብራት መጥፋቱ ራሱን የቻለ አደጋ ስለሆነ የመብራቱ መስመር ከሶኬቶቹ መቁረጫ መለየት አለበት።

የመቁረጫው ዓይነትም ይታይ። ዓይነት ኤ.ሲ. የሚያየው ተለዋዋጭ ኮረንቲን ብቻ ነው። የፍጥነት መቆጣጠሪያ ያላቸው የእጅ መሣሪያዎች ሲበላሹ የሚያሾልኩት በአንድ አቅጣጫ የሚመታ ኮረንቲ ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ ዓይነት ኤ ያስፈልጋል። የሞተርን ፍጥነት በፍሪኩዌንሲ የሚቀይር የሦስት ፌዝ መቆጣጠሪያ ደግሞ ቀጥተኛ ኮረንቲ ሊያሾልክ ይችላል፤ ከ6 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ቀጥተኛ ኮረንቲ የዓይነት ኤን ቀለበት ሊያደነዝዘው ስለሚችል፣ መቁረጫው ሳይቆርጥ እያለ የማይሠራ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ማሽን ዓይነት ቢ ለብቻው ይገጠምለታል።

በመቁረጫው ላይ ያለው የፍተሻ ቁልፍ በወር አንድ ጊዜ ቢጫን በቂ ነው፤ ቁልፉ የሚፈትነው ግን የመቁረጫውን አሠራር እንጂ የመሬት ዘንጉን አይደለም። ዘንጉ በመሣሪያ መለካት ያለበት በታኅሣሥና በጥር፣ አፈሩ በደረቀበት ወቅት ነው፤ በነሐሴ የተለካ ዘንግ ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ይታያል።